ሰባተኛ ፎቅ ላይ የቀረው ስሜ

«እማዬ፣ ሰው እመጣለሁ ብሎ የሚቀረው ለምንድን ነው?»

ማክዳ ይህን የጠየቀችኝ እሑድ ቀን፣ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ነው። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሳሎን ውስጥ ከጎረቤት የተዋስኳቸው አራት ወንበሮች ግድግዳውን ታከው ተደርድረዋል። ወንድሜ ዘርኡ ከደብረ ብርሃን ለብሶት የመጣውን ኮት አውልቆ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ያያል። እኔ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ነጠላዬን አስተካክላለሁ፤ ኮቴው አልፎ ይሄዳል።

 «መንገድ ተዘግቶባቸው ይሆናል» አልኳት። እንግዶቻችን ከሚመጡበት ከአምስት ኪሎ ፒያሳ ድረስ በእሑድ ጠዋት ምን መንገድ ይዘጋል?

የምንጠብቃቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። ሉልሰገድ ማክዳን ለማግባት ፈልጎ፣ አባቱን ለምኖ፣ አባቱም እሺ ብለው ሊልኳቸው የነበሩ ሦስት ሽማግሌዎች። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ» ብሎ ነበር ለልጄ የነገራት። ቅዳሴ ወጣ፣ ቀትር ሆነ፣ ጥላው ዞረ።

ዘርኡ ኮቱን መልሶ ለበሰ። «ወርቅ ሠሪና ሽሮ ሻጭ» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «ሁለቱም በሚዛን ስለሚሸጡ ሚዛናቸው አንድ መሰለሽ?»

ማክዳ ከመኝታ ቤት ሰምታዋለች።  ቀሚሷን ሳትቀይር እስከ ማታ ዋለች፤ እኔም ቀይሪው ለማለት ልብ አጣሁ።

*

ፎቁ የቆመው ድሮ ግቢያችን በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ሲኬድ በስተግራ። ምድር ቤቱና አንደኛው ፎቅ ሱቅ ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ እስከ ስምንተኛው መኖሪያ ነው። ግቢው ሲፈርስ ሁለት ዓመት ተኩል በየኪራይ ቤቱ ተበትነን ቆየንና «ቁልፍ ልትቀበሉ ኑ» ተባልን። ውሃው ቤት ውስጥ ነው። መጸዳጃው የራሴ ነው። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ማለዳ ማለዳ እየተነሣሁ ቧንቧውን ከፍቼ አየው ነበር፤ እንዳይጠፋብኝ።

የቤቱ ዕጣ በወጣ ቀን ሰባተኛ ፎቅ፣ ቁጥር 704 ደረሰኝ። የነዋሪዎች ማኅበሩ ጸሐፊ በር ላይ የሚቀመጠውን ትልቁን መዝገብ ዘርግታ የአሻራ ቀለሙን ወደ እኔ ስትገፋልኝ «እጽፋለሁ» አልኳት። አምስት ኪሎ አካባቢ ለትልልቅ ሰዎች ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ ትምህርት ከጀመርኩ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሰልፈኛው ከኋላዬ እየጠበቀ ስሜን ጻፍኩ። የሺዓለም። አምስት ፊደል። «ዓ» ትንሽ ዘመመች። እስከዚያ ቀን ድረስ ወረቀት የሚያውቀው አውራ ጣቴን ብቻ ነበር።

ሰባተኛ ፎቅ ግን አልኖርኩበትም። ሊፍት እፈራለሁ፤ ጉልበቴም ለያን ያህል ደረጃ አይሆንም። የድሮ ጎረቤቴ ጋሽ አጥናፉ ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቁጥር 204 ደርሷቸው አዝነው ነበር። «ጠዋት መስኮት ከፍቼ ጊዮርጊስን ልሳለም እንጂ የታክሲ ጣሪያ?» አሉ። ቤቶቹ እኩል ናቸው። ደረጃው ላይ ቆመን ቁልፍ ተለዋወጥን፣ ተመራረቅን፣ አለቀ።

ጸሐፊዋ «መጥታችሁ መዝገቡን አስተካክሉ፤ የድሮው ይሰረዝና እንደገና ይጻፋል» ብላን ነበር። ጋሽ አጥናፉ ሁለት ጊዜ «በይ እንሂድ» ብለውኛል። ዛሬ ነገ ያልኩት እኔ ነኝ። ያ ስም እንዲሰረዝ አልፈለግሁም። ለማንም አልተናገርኩም። አምሳ ዓመት ያለፋት ሴት «ስሜን ወደድኩት» ትላለች?

*

ሉልሰገድን ወደ እኛ ያመጣው ሽሮ ነው።

ከፎቁ ሥር፣ በኋላ በር በኩል፣ ባልትና እሸጣለሁ። ሱቄ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታስቆምም። በዋናው መንገድ በኩል የጋሽ ተክላይ ወርቅ ቤት አለ። ጋሽ ተክላይ በልጅነታቸው ከአክሱም መጥተው ፒያሳ ላይ የሸበቱ አንጥረኛ ናቸው። የሱቃቸው መስተዋት ሲበራ መንገደኛ ቆሞ ያያል። ሉልሰገድ አንድ ልጃቸው ነው፤ ዝምተኛ፣ ከሥራ ጠረጴዛው ቀና የማይል፣ የጣቶቹ ጫፍ ሁልጊዜ እሳት የነካው።

ማክዳ ፋርማሲስት ናት። ከሥራ ስትመለስ ሱቅ ትገባና እኔ ከረጢቶቹ ላይ «ሽሮ»፣ «በርበሬ» እያልኩ ስጽፍ እሷ ትመዝናለች። ልጁ መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣ ነበር። ከዚያ ሁለት ቀን። ከዚያ በየቀኑ፣ ሁልጊዜ ግማሽ ኪሎ ሽሮ።

የፎቁ ጥበቃ ፍቅሬ የአራዳ ልጅ ነው፤ ምንም ነገር አያልፈውም።

«ማዘር፣ ይህ ልጅ ወርቁን የሚያቀልጠው በሽሮ ነው እንዴ?»

«ሂድ ወዲያ፣ ደንበኛዬን አታባርርብኝ።»

«እኔ አባርሬው ይሄዳል? የታጠቀ ወታደር ቢያባርረውም ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚሁ ነው።»

ማክዳ አንገቷን ደፍታ ሚዛኑን ታያለች። እሱ ከረጢቱን ይዞ መውጣት ይረሳል። ዐይኖቻቸው የሚገናኙት ሽሮው ሲመዘን ነው፤ እሷ ማንኪያ ስትጨምር፣ ማንኪያ ስትቀንስ፣ ግማሽ ኪሎ እንደዚያ ረጅም ጊዜ ሲወስድ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ከረጢት የምሰፋበትን ቀይ ክር አነሣና «እትዬ የሺ፣ አንድ ስንዝር ልውሰድ?» አለኝ።

«ውሰድ፣ ምን ልትሰፋበት ነው?»

 ክሩን በማክዳ የቀለበት ጣት ላይ አንድ ጊዜ አዞረ፣ ልኩ ላይ ቋጠረ፣ ቀስ ብሎ አወለቀና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።  እኔም በርበሬ የገባብኝ መስዬ ዐይኔን በነጠላዬ አበስኩ።

*

ከዚያ እሑድ በኋላ ሽሮ የሚገዛ ሉልሰገድ አልመጣም።

ማክዳ ሁለት ጊዜ ደወለችለት። አላነሣም። ሦስተኛ አልደወለችም። ጋሽ ተክላይ ጠዋት ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ «ከመይ ሓዲርኪ፣ ሓፍተይ?» ይሉኝ ነበር፤ እንዴት አደርሽ እህቴ ማለታቸው ነው። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ፊታቸውን ወደ መስተዋቱ አዞሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለምጸሃይም ለባሏ ምሳ ይዛ ስትመጣ በእኔ በር በኩል ታልፍ የነበረችው በወዲያኛው በር መግባት ጀመረች።

ንቀውናል አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ወርቅ ቤትና ባልትና ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ስለገቡ እኩል የሆኑ መስሎኝ ነበር። ድሮ ግቢ ውስጥ ሳለን ድሃም ሀብታምም የየራሱን በር ያውቅ ነበር። እዚህ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እኔን ያሳሳተኝ ያ ነው ብዬ አሰብኩ።

ግን አንድ ነገር ግራ ያጋባኝ ነበር። አንድ ቀን ሉልሰገድን መተላለፊያው ላይ ፊት ለፊት አገኘሁት። ቀና ብሎ አየኝ። የበደለ ሰው አስተያየት አልነበረም። የተበደለ ሰው ነበር።

ደግሞ እውነቱን ልናገር። ያን እሑድ ከሐዘኔ ሥር ትንሽ እፎይታ ነበረች። ማክዳ አንድ ልጄ ናት። አባቷ የሞተ ጊዜ አራት ዓመቷ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲቀሩ ልቤ በስውር «ትቀርልኛለች» አለች። ይህን ያሰብኩት ልጄ በነጭ ቀሚሷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሳለ ነው። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ሉልሰገድ ሱቅ መጣ። ማክዳ አልነበረችም። የታጠፈ ወረቀት ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ። ወረቀቱ ምንም ስላልከበደው ሚዛኑ አልተንቀሳቀሰም።

«ለማክዳ ይስጡልኝ» አለና ሄደ።

አልታሸገም ነበር። የሌላ ሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ በእጄ የገባ የመጀመሪያው ደብዳቤ እሱ ነበር፤ የልጄም ጉዳይ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት።

«ማክዳ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ቀለበቱ እንዳይሰፋሽ፣ እንዳይጠብሽም። ልክ ይሁንልሽ። ልክሽን ስለማውቅ ነው። ሉልሰገድ።»

ማክዳ አንብባው ሳቀች፤ ጥሩ ሳቅ አይደለም። «ለሐዋሳው ሆስፒታል ማመልከቻ ስሞላ አጠገቤ ነበር። መቀበሌን ሰምቶ ነው። ቀለበቱን ደግሞ ሌላ ሰው ያድርግልሽ ይለኛል። ደግ ሰው ነው፣ እማዬ። በጨዋ ቋንቋ ነው ያሰናበተኝ።»

በማግስቱ ሥራውን እቀበላለሁ ብላ ፈረመች። ጉዞዋ ሰኞ ሆነ። ወረቀቱን እጥፋቱን ሳታበላሽ መልሳ አጣጠፈችና ሻንጣዋ ውስጥ፣ ከልብሶቿ ሁሉ በታች አስቀመጠችው። የማይወዱትን ሰው ደብዳቤ እንደዚያ አያስቀምጡም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ አጥናፉን ሊፍቱ በር ላይ አገኘኋቸው። ሁለት ዘንቢል ሽንኩርት ይዘው ሊፍቱን ይጠብቃሉ።

«የሺ፣ ምነው ከሳሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ። ማክዳ ሰኞ ሐዋሳ ልትሄድብኝ ነው።»

«የእኔዋ ሔርሜላም በጥር ልትሄድብኝ ነው። ልጅ እንደሆነ መሄዱ አይቀርም። ኧረ ይልቅስ የገረመኝን ልንገርሽ። ቀለበት ያሰረች ልጅ ሽማግሌ ይላክባታል?»

«ማን ላከ?»

«እኔ ምን አውቄ! የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ነው። በሬን ቢያንኳኩ ብከፍት ሦስት ነጭ በነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች። አንደኛው በዱላ ነው የቆሙት። ‹ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው› ሲሉኝ እንዳይደክሙ ብዬ ቶሎ አቋረጥኳቸው። ‹አባቶቼ፣ ልጄ ታጭታለች፤ ቀለበትም አስራለች፤ ሰርጓ በጥር ነው› አልኩ። ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። የጨዋ ልጆች ናቸው።»

ሊፍቱ ተከፈተ። እሳቸው ገቡ። እኔ በሩን በእጄ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

«ቅዳሴ እንደወጣ። ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ።»

ሊፍቱን ለቅቄላቸው ወደ ዋናው በር ሄድኩ። ፍቅሬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ፍቅሬ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ በሩ ላይ ማን ነበር?»

«እሑድማ ሰንበቴ ነበረብኝ፣ ማዘር። ከሌላ ሕንፃ የመጣ ተተኪ ነው የቆመው። ምን አደረገ? ሰረቀ?»

«መዝገቡን አሳየኝ።»

ገለጠልኝ። ተተኪው ሰው አንዳችንንም አያውቅም። ሽማግሌዎቹ «የወይዘሮ የሺዓለም ቤት የት ነው?» ብለው ሲጠይቁት ያደረገው ማንኛውም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ማንበብ የሚችል ሰው። መዝገቡን አይቶ «ሰባተኛ ፎቅ፣ 704» አላቸው።

ስሜ እዚያ ነበር። አምስት ፊደል። «ዓ» ዘምማ። ልጄን ሁለት ሳምንት ሙሉ ያስለቀሳት የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነበር።

*

የሴት ልጅ እናት ወደ ወንዱ ቤት ሄዳ አትናገርም። ወጉ አይደለም። ሽማግሌ ይመጣል እንጂ አይጠራም። ሄጄ ብናገር «ልጇን ይዛ ደጅ ጠናች» ይባላል፤ የሚነካው ማክዳን ነው። ለማክዳ ብነግራት ደግሞ አውቃታለሁ፤ «ተይው፣ እማዬ» ብላ ከነኩራቷ ሰኞ ትሄዳለች። ዝም ብልም ሰኞ ትሄዳለች።

ሱቄ ገብቼ አተር ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ደብተሬን አወጣሁ። ጋሽ ተክላይ ፊት ቆሜ አፌ የማይለውን እጄ ይጽፈው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አንድ ገበያተኛ መጣና «ሽሮ አለ?» አለ። «ቆይተው ይምጡ» አልኩት። በሕይወቴ ገዢ መልሼ አላውቅም።

ወርቅ ቤቱ ስገባ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ባንኮኒው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሉልሰገድ በስተኋላ፣ እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ እየነደደ፣ ጀርባውን ሰጥቶናል። ጋሽ ተክላይ ቀና አሉ።

«ምን እንርዳዎ?» አሉኝ፤ ሓፍተይ አላሉም።

ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን ትተው የወርቅ ማኅተም የሚያዩበትን ማጉያ ዐይናቸው ላይ አደረጉና ማንበብ ጀመሩ። ምን እንደጻፍኩ ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ለጋሽ ተክላይ። ሽማግሌዎችዎ የሄዱት ሰባተኛ ፎቅ ነው። እኔ የምኖረው ሁለተኛ ፎቅ ነው። ታጭታለች የተባለችው የጎረቤቴ ልጅ ናት። የእኔ ልጅ አልታጨችም። መዝገብ ላይ ስሜን አሳርሙ ተብዬ ያላሳረምኩ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እኛ ጠዋቱን ሙሉ ቆመን ጠበቅናችሁ። ይህን የምጽፈው ልጄን ውሰዱልኝ ለማለት አይደለም። የሰማችሁት መልስ የእኛ እንዳልነበረ እንድታውቁ ነው። የሺዓለም።»

አንብበው ጨረሱ። እንደገና ከላይ ጀመሩ። 

«ይህን ማን ጻፈልዎ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ‹ጥፋቱ› የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው።»

ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ወረቀቱን ከእጃቸው ወስዳ አነበበች። አንብባ ስትጨርስ ወንበር ስባ «ይቀመጡ እንጂ፣ ምነው ቆሙ?» አለችኝ። 

ጋሽ ተክላይ ማጉያውን ከዐይናቸው አወለቁ። «በድሮው ሰፈር ስም ብቻ ይበቃ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የየሺዓለም ቤት ካሉ አላፊ አግዳሚው እጅ ይዞ ያደርሳል። እኔም ለሽማግሌዎቹ ስምዎን ብቻ ሰጥቼ ላክኋቸው። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፣ ሓፍተይ።»

ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው ልጃቸውን ጠሩት።

«ሉልሰገድ፣ ወደይ፣ እሳቱን አጥፋው።»

እሱ ግን ቀድሞ አጥፍቶት ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። ፊቱን ሳየው፣ ልጄን ለሌላ ሰው መስጠት የምችል ሴት ከሆንኩ ለዚህ ልጅ ነው አልኩ በልቤ።

*

ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ወጣ። እኔ በጉልበቴ ስከተለው እነሱ በራችን ላይ ፊት ለፊት ቆመው ነበር። ከታች ያለው ማረፊያ ላይ ቀረሁ። መስማት አልነበረብኝም፤ ሰማሁ።

«ሰባተኛ ፎቅ ሄደው ነበር» ይላል። «ማክዳ፣ ሽማግሌዎቹ ጋሽ አጥናፉ ቤት ገብተው ነበር። ታጭታለች ተባልን። በር የከፈቱት አጎትሽ መስለዋቸው ነበር፤ እኔም አጎትሽ ለሰው የሰጡሽ መስሎኝ…»



«ሽማግሌዎቹ ቤቴን አያውቁም» አለች ማክዳ። «አንተ ግን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሠላሳ አራት ደረጃ ነው። አንድ ጊዜ ወጥተህ ‹እውነት ነው ወይ?› ማለት አቅቶህ?»

«ፈራሁ።»

«ምንን?»

«አዎ እንዳትዪኝ። ከሽማግሌ አፍ ስሰማው ግማሽ ልቤ አላመነም ነበር። ከአንቺ አፍ ብሰማው የሚተርፈኝ አልነበረም። በዚያች ባላመነችው ግማሽ ነው ሁለት ሳምንት የኖርኩት።»

«ደብዳቤህንስ በየትኛው ግማሽ ጻፍከው?»

 ኪሱን ሲዳብስ አየሁት። ቀዩን ክር አወጣ፤ ቋጠሮው እንዳለ ነው። ከክሩ ጋር ቀጭን ቀለበት ነበር፤ አልተወለወለም፣ ገና ጥቁር ነው።

«ያን እሑድ ጠዋት ነው የጨረስኩት» አለ። «ላቀልጠው ሦስት ጊዜ እሳት ላይ አቀረብኩት። አልቻልኩም።»

ማክዳ እጇን አልዘረጋችም። ዐይኗ ግን ቀለበቱ ላይ ቀረ። «እኔም ጥፋት አለብኝ» አለች። «ሁለት ጊዜ ደውዬ ሦስተኛውን ለኩራቴ አስቀረሁት። ንቀውን ነው አልኩ። እናቴን ሽሮ ሻጭ ብለው ነው አልኩ። አንተን ግን አልጠየቅሁህም።»

«አሁን ጠይቂኝ።»

«አሁን ምን ዋጋ አለው? ፈርሜያለሁ። ሰኞ እሄዳለሁ። እንድቀር ብትለምነኝ ደግሞ እቀራለሁ ብዬ እፈራለሁ፤ ከቀረሁም አንድ ቀን እወቅስሃለሁ። ሥራውን ወድጄዋለሁ፣ ሉል።»

እዚህ ላይ በልቤ ተማጸንኩት። ቅሪ በላት አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቅሪ በላት አልኩ።

እሱ ግን «አልለምንሽም» አላት። «ሂጂ። ሐዋሳ ሰው ቀለበት አያደርግም እንዴ? ጠረጴዛዬ በአንድ መኪና ይጫናል።»

«አባትህስ?»

«አባቴ ከአክሱም ሲመጣ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ማንን አስፈቅዶ መጣ?»

ያን ጊዜ ነው ልጄ ያለቀሰችው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አንድ ቀን ስታለቅስ በዐይኔ አላየኋትም። ትራሷ ብቻ ነበር የሚነግረኝ። አሁን ደረጃው ላይ ቆማ፣ የፎቁ ሰው ከታች እየወጣ ከላይ እየወረደ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እሱ አልነካትም። ወጉን ያውቃል። ክሩን ብቻ በጣቷ ላይ መልሶ አጠለቀላት።

እኔ ከታች የደረጃውን ብረት ይዤ ቆምኩ። ልጄ ልትሄድብኝ እንደሆነ ገባኝ። አልከበደኝም። እጄ ብረቱን ለቀቀው።

*

እሑድ ማለዳ ፍቅሬ ዘንድ ወረድኩ።

«መዝገቡንና እስክሪብቶ ስጠኝ።»

«ማዘር፣ እሱ የጸሐፊዋ ሥራ ነው።»

«አስፈቅጃታለሁ። ደውላም ነግራሃለች።»

«ነግራኛለች። ግን ሲያምርብሽ ልይ ብዬ ነው።»

704 ላይ ስሜን በገዛ እጄ ሰረዝኩ። አንድ ቀጥ ያለ መስመር። 204 ላይ እንደገና ጻፍኩት። ፍቅሬ አንገቱን አስግጎ አየና «‹ዓ› ዛሬም ሰክራለች» አለ። ትስከር።

ጋሽ ተክላይ እንደገና የላኳቸው ሽማግሌዎች ቅዳሴ እንደወጣ መጡ። ዘርኡ ከደብረ ብርሃን መድረስ ስላልቻለ በእሱ ቦታ የተቀመጡት ጋሽ አጥናፉ ናቸው። በዱላ የቆሙት ሽማግሌ ያዩአቸውና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ደግሞ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ። ዛሬ ግን አፌን ይዣለሁ» አሉ ጋሽ አጥናፉ። «ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም። ይልቅስ መጀመሪያ ይህ ቤት የማን እንደሆነ ይነገረን።»

«የየሺዓለም ነው» አልኩ ከበሩ አጠገብ።

ሳቅ ሆነ። ከዚያ የመጡበትን ተናገሩ፤ በሙሉ፣ ማንም ሳያቋርጣቸው፣ የልጄን ስም ጠርተው። ወጉ ቢሆን ቤተ ዘመድ መክሮ መልስ እስኪሰጥ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ይሰጣል። ጋሽ አጥናፉ ወደ እኔ ተመለከቱ።

«ሁለት ሳምንት ጠብቀናል» አልኩ። «ቀጠሮው እሱ ይሁንልን።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ማክዳ መኝታ ቤት ውስጥ ነበረች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ነበር።

*

በማግስቱ ሰኞ ልጄ በጠዋቱ አውቶቡስ ሐዋሳ ሄደች። በጥር መጥታ ጊዮርጊስ ተዳረች፤ ቀለበቱ አልሰፋትም፣ አልጠበባትም። በየካቲት ሉልሰገድ ጠረጴዛውን በአንድ መኪና ጭኖ ተከተላት። ጋሽ ተክላይ ጠረጴዛው የነበረበትን ቦታ ባዶውን ተዉት፤ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ አሁን በእኔ በር በኩል ነው የምታልፈው፣ ስታልፍም ትቀመጣለች። ማክዳ ሁልጊዜ ትደውልልኛለች፤ በወር አንድ ጊዜ ግን ደብዳቤ ትጽፍልኛለች፤ እኔ ስለምወደው። ደብዳቤው በ204 አድራሻ ይመጣል፣ እኔው አነበዋለሁ፣ ከዚያ ወርቅ ቤት ወስጄ ለሁለቱ አነብላቸዋለሁ።

ያን እሑድ ልጄ የጠየቀችኝን ዛሬ ብትጠይቀኝ መልሱን አውቀዋለሁ። ሰው እመጣለሁ ብሎ የሚቀረው ሁልጊዜ ስላልፈለገ አይደለም። አንዳንዴ መጥቶ ነበር፤ እኛ ነን ከሌላ በር ኋላ ቆመን የጠበቅነው።

ከፎቁ ሁለት ሰው ሄደ፤ ማክዳና ሉልሰገድ። ጋሽ ተክላይ፣ ወይዘሮ ዓለምጸሃይና እኔ ቀረን።